የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ነፍሳትንና ሌሎች ጥቃቅን እንስሳትን ስለ ማጥናት፣ ስለ መቁጠርና ስለ መጠበቅ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የጀርባ አጥንት የሌላቸውን እንስሳት የሚመለከቱ ናቸው። ነፍሳት፣ ሸረሪቶች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ የምድር ትሎችና መሰሎቻቸው ሲደመሩ ሳይንስ ከሚያውቃቸው የእንስሳት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ይሆናሉ፤ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ገና ስም ያልወጣላቸው ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ይገመታል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጅ ሳለሁ ማታ የበረንዳው አምፖል ሲበራ የእሳት ራቱና የጥንዚዛው ብዛት ግድግዳውን ያለብሰው ነበር። ዛሬ በዚያው በረንዳ ላይ ሦስት አራት ባይ ነው። ነፍሳት በእርግጥ እየጠፉ ነው ወይስ ትዝታዬ እያጋነነብኝ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ትዝታዎን ፈጽሞ አልጥለውም፤ ይሁን እንጂ እንደ ማስረጃ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አምፖሉ ያኔ የነበረው ዓይነት ነው? ብዙ የሌሊት ነፍሳትን አጥብቆ የሚስበው ለእኛ ዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ የሜርኩሪ መብራቶች ይህን ጨረር በብዛት ይለቁ ነበር፤ ዛሬ በየቤቱ የምንሰቅለው ኤልኢዲ አምፖል ግን ከሞላ ጎደል አይለቀውም። በዚያ ላይ ያኔ በአካባቢው የሚታየው ብርሃን የእርስዎ በረንዳ ብቻ ከነበረና አሁን ዙሪያው ሁሉ በመብራት ከተሞላ፣ ቀድሞ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰቡ የነበሩት ነፍሳት ዛሬ በብዙ አምፖሎች ላይ ይበታተናሉ። የጨረቃ ሙላትም ቢሆን በመብራት ዙሪያ የሚታየውን ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ የያኔውንና የአሁኑን ቁጥር ማወዳደር የሚቻለው የታየበት መንገድ ሳይለወጥ ከቀረ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ባሉት መልሶችም ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚሁ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ነፍሳት ወደ አምፖል የሚመጡት ብርሃኑን ስለሚወዱት አይመስልም። በ2024 የታተመ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ እንዳሳየው፣ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን የማዞር ጠባይ አላቸው። በተፈጥሮ ሌሊትም ቢሆን ከምድር ይልቅ የሚያበራው ሰማይ ስለሆነ ይህ ጠባይ ሚዛናቸውን ጠብቀው እንዲበሩ ይረዳቸዋል። አምፖል አጠገብ ሲደርሱ ግን ጀርባቸውን ወደ እርሱ እያዘነበሉ ዙሪያውን ሲዞሩ ያድራሉ። የበረንዳ መብራት ባለማብራት ብቻ ስንቱን ከዚህ ድካም ማዳን እንደሚቻል ሳስብ ነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመለኪያ መንገዳቸውን ሳይለውጡ ለብዙ ዓመታት የለኩ ሰዎች ግን አሉ። በጀርመን አገር በክሬፌልድ ከተማ የሚገኝ፣ ብዙዎቹ አባላቱ በትርፍ ጊዜያቸው ነፍሳትን የሚያጠኑ ማኅበር፣ ከ1989 ጀምሮ ለ27 ዓመታት በ63 ጥብቅ ስፍራዎች አንድ ዓይነት የድንኳን ወጥመድ እየተከለ በራሪ ነፍሳትን ሰበሰበ። የወጥመዱ ስፋትም ሆነ የጨርቁ ዓይነት አልተለወጠም፤ በየጠርሙሱ የተጠራቀመውንም በአንድ ዓይነት ሥርዓት አንጠፍጥፈው መዘኑት። በ2017 የታተመው ውጤት ክብደቱ ከ75 በመቶ በላይ መውረዱን አሳየ። ከመጠኑ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ የተለካው ለተፈጥሮ ጥበቃ ተብለው በተከለሉ ቦታዎች መሆኑ ነው። ጥናቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ከቦታዎቹ ብዙዎቹ የተለኩት በአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ውጤቱ የአንድን ቦታ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመከታተል ይልቅ ልዩ ልዩ ቦታዎችን በልዩ ልዩ ዓመታት በማወዳደር ላይ የቆመ ነው።

በ2020 ደግሞ ከዓለም ዙሪያ 166 የረጅም ጊዜ ቆጠራዎችን ያሰባሰበ ሌላ ሥራ ወጣ። በ1,676 ቦታዎች የተገኘው ውጤት የየብስ ነፍሳት ብዛት በየ10 ዓመቱ ወደ 9 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ በወንዝና በሐይቅ የሚኖሩት ግን በየ10 ዓመቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ መጨመራቸውን ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ጭማሪው የቆሸሹ ወንዞች ከመጽዳታቸው ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገልጸዋል። ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ በተለኩ ብዙ የየብስ ቦታዎች ቅነሳው እውነት ነው፣ በሁሉም ቦታና በሁሉም ዝርያ ግን አንድ ዓይነት አይደለም የሚል ነው። ቆጠራዎቹ በብዛት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ መሆናቸውንም አይርሱ፤ ከፍተኛው የዝርያ ብዛት ካለበት ከሞቃታማው የዓለም ክፍል ያለን የረጅም ጊዜ ልኬት እጅግ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ግቢ ያሉትን ቢራቢሮዎች በየሳምንቱ መቁጠር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አንዷን ሁለት ጊዜ እንዳልቆጥር እፈራለሁ። መሣሪያም የለኝም። እንዴት ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ለዚህ ሥራ ደብተር፣ እርሳስና ሰዓት ይበቃሉ፤ መረብም አያስፈልግሽም። አንቺ ያሰብሽውን ሥራ በብሪታንያ ከ1976 ጀምሮ በፈቃደኞች ጉልበት ያለማቋረጥ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ዘዴውን ባዳበረው በኧርኒ ፖላርድ ስምም ይጠራል። ቆጣሪው አስቀድሞ በተመረጠ መንገድ ላይ በዝግታና በእኩል እርምጃ ይሄዳል፤ በሐሳቡ ደግሞ ከፊቱ የሚጓዝ ሣጥን ይሥላል። የሣጥኑ ስፋት በግራም በቀኝም ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወደ ፊት 5 ሜትር ነው። በሣጥኑ ውስጥ የገባችውን ቢራቢሮ ይቆጥራል፤ ከሣጥኑ ውጭ ያለችውን የቱንም ያህል ብታምር ያልፋታል። ወደ ኋላ ተመልሶ አይቆጥርም። አንድ ቢራቢሮ አልፋው ሄዳ ተመልሳ ብትመጣና ያችው መሆኗን ካወቀ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባታል፤ ካላወቀ ግን እንደ አዲስ ይቆጥራታል። አንዷን ሁለት ጊዜ የመቁጠር ስሕተት አልፎ አልፎ መድረሱ አይቀርም፤ በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት መጠን እስከደረሰ ድረስ ግን ንጽጽሩን አያበላሸውም።

መንገዱን ከመምረጥሽ በፊት ግቢውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረሽ እዪው። ቢራቢሮ የበዛበትን ጥግ ብቻ ብትመርጪ ቁጥርሽ ያምራል፤ ግን ስለ ግቢው የሚነግርሽ ነገር አይኖርም። ሣር ያለበትን፣ ጥላ የሆነውን፣ አበባ የተተከለበትንና ራቁቱን የቀረውን መሬት ሁሉ የሚያቋርጥ መንገድ ይሻላል። ከዚያም መንገዱን በክፍል ከፋፍዪው፤ ለምሳሌ ከበሩ እስከ መጀመሪያው ዛፍ ክፍል 1፣ ከዛፉ እስከ ውኃ ቧንቧው ክፍል 2 እያልሽ ቀጥዪ። የእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ለብቻው ይጻፋል።

የአየሩ ሁኔታ ደንብም ያስፈልግሻል። የብሪታንያው ደንብ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይቆጠርም፣ ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ፀሐይ ካለ ብቻ ይቆጠራል፣ በዝናብና በብርቱ ነፋስ ጭራሽ አይወጣም ይላል። ይህ ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ስለሆነ ዲግሪውን እንዳለ መውሰድ የለብሽም። መርሑን ግን ውሰጂ፤ ቢራቢሮዎች በደንብ የሚበሩበትን ሰዓት አጥኚ፣ ደንብሽን በጽሑፍ አስቀምጪ፣ ከዚያ በኋላ አትለውጪው። እኔ ራሴ መቁጠር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ጠዋት ጠዋት መውጣት ስላሰለቸኝ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ አዞርኩት፤ በዚያ ዓመት ቁጥሩ ሲወርድ መንስኤው ሰዓቱ ይሁን ቢራቢሮዎቹ መቀነሳቸው መለየት አቃተኝ። የዚያ ዓመት ደብተር አሁንም አለኝ፤ ከሌሎቹ ጋር ግን ላስተያየው አልቻልኩም።

የደብተርሽ አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ክፍል 3፤ ነጭ ትንሽ 11፤ ቢጫ ትልቅ 4፤ ቡናማ፣ ክንፉ ላይ ዓይን መሰል ነጠብጣብ ያለው 0፤ ፀሐይ፣ ቀላል ነፋስ፤ የተጀመረበት 4፡30፣ ያበቃበት 4፡52።» ዜሮውን አትዝለዪው። ባዶ የተተወ ቦታ «አልነበረም» ማለት ይሁን «አላየሁም፣ አልፈለግሁም» ማለት ይሁን ከዓመታት በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ዜሮ ግን የታየና የተቆጠረ ነገር ነው። የዝርያውን ስም ካላወቅሽ ስም አትፍጠሪ፤ መልኩን ጽፈሽ ክንፏን የዘረጋችበትንና ያጠፈችበትን ፎቶ አንሺ፤ የብዙ ቢራቢሮዎች መለያ ያለው በክንፋቸው የታችኛው ገጽ ላይ ነው። ፎቶ ለማንሳት ስትቆሚ ቆጠራውን አቁሚና ከቆምሽበት ቀጥዪ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። የነፍሳት ቁጥር ዝናብና ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ከዓመት ዓመት እጥፍ ሊሆን ወይም በግማሽ ሊወርድ ስለሚችል፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ቆጠራ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ለማለት አያበቃም። 10 ዓመት ያህል ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ከዚያ በፊት ትመረቂያለሽ። ስለዚህ መንገዱን በካርታ ሥለሽ፣ ደንቡን ጽፈሽ፣ ከአንቺ በታች ካሉት ተማሪዎች አንዱን ይዘሽ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ደብተሩ የትምህርት ቤቱ እንጂ የአንቺ እንዳይሆን አድርጊ።

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። የመስክ ሥራችን ነፍሳትን በወጥመድ ይዞ በአልኮል መግደልን ይጨምራል። እንጠብቃቸዋለን የምንላቸውን መግደል ኅሊናዬን ይረብሸኛል። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ የሚረብሽዎ ነገር መኖሩ ጥሩ ነው፤ ወጥመድን ያለ ሐሳብ የሚተክል ሰው ያሰጋኛል። ይሁን እንጂ ከነፍሳት ብዙዎቹን በፎቶ መለየት አይቻልም። ሁለት ጥንዚዛዎች ተመሳስለው ሳለ የሚለያዩት በአጉሊ መነጽር ብቻ በሚታይ የመራቢያ አካል ቅርጽ ሊሆን ይችላል፤ ያልተለየን ዝርያ ደግሞ በሕግም ሆነ በመስክ ለመጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ቅድም የጠቀስኩት የድንኳን ወጥመድ የተሠራው ረኔ ማሌዝ በተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው። በጉዞው ወቅት ወደ ድንኳኑ የገቡት ነፍሳት ሁልጊዜ ወደ ላይ ወጥተው በጣሪያው ጥግ መውጫ ሲፈልጉ አየና፣ በዚያው ጥግ ላይ ጠርሙስ ቢገጠም ምን ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ሥራውን በ1937 አሳተመ። ዛሬ በብዙ አገሮች ይህ ወጥመድ በስሙ ይጠራል። ቀንና ሌሊት ያለ ሰው ስለሚሠራ ብዙ ይይዛል፤ ከዚህም የተነሣ ስንት ቀን ተተክሎ እንደሚቆይ አስቀድሞ መወሰን ግዴታ ነው።

የሞተው ነፍሳት በከንቱ ሞተ የምለው ግን መለያ ወረቀቱ ሲጎድል ነው። የተያዘበት ቦታ በካርታ ላይ ከሚያመለክቱት ቁጥሮች ጋር፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስምና የተያዘበት ዘዴ ካልተጻፈ ናሙናው ደረቅ ገላ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከጠርሙሱ ውጭ ሳይለጠፍ ከነፍሳቱ ጋር ውስጥ ይገባል፤ በእርሳስ ይጻፋል። በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ መለያ አልኮሉ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ተንኖ እንደሚጠፋ ጭስ ከወረቀቱ ላይ እየተነሣ ሲሟሟ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የብዙ ሳምንት ድካም በደቂቃዎች ውስጥ ሐምራዊ ፈሳሽ ብቻ ሆኖ ቀረ። ወሩንም በስሙ ይጻፉት፤ 3/4 ብሎ መጻፍ ለአንዱ ሚያዝያ፣ ለሌላው መጋቢት ነውና።

አልኮሉ ለቅርጽ ጥናት ከ70 እስከ 80 በመቶ ቢሆን ይበቃል፤ ለዲኤንኤ ግን 95 በመቶ ይመረጣል። በ2003 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ፖል ሄበርትና የሥራ ጓደኞቻቸው እንስሳትን በአንድ አጭር የዘረ መል ቁራጭ ለመለየት ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፤ ለዚህም ከአንድ ነፍሳት አንድ እግር ብቻ መውሰድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስለ ሌላው መንገድ ከጠየቁ፣ የእሳት ራቶችን በመብራት ወጥመድ ሕያዋን ይዞ፣ ጠዋት ቆጥሮ መልቀቅ የቆየ ልማድ ነው፤ የውኃ ተርቦችንና ቢራቢሮዎችን በዓይን መቁጠር ይቻላል። ብርቅ መሆኑ የታወቀ ዝርያ በሚገኝበት ቦታ የሚገድል ወጥመድ ባይተከል እመርጣለሁ፤ ፈቃድ የሚያስፈልግበት ስፍራ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ብርቅ ቢራቢሮ የሚገኝበትን ሣራማ ቦታ አጥሮ ከብት እንዳይገባበት አደረገ። ሣሩ አምሮ አደገ፣ አበባውም አለ፤ ቢራቢሮው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ጠፋብን። ምን በደልን?

መልስ፦ እናንተ የሠራችሁትን ሥራ ከእናንተ በፊት ታላላቅ አዋቂዎችም ሠርተውታልና ራሳችሁን አትውቀሱ። ትልቋ ሰማያዊ ቢራቢሮ የምትባለው ዝርያ በብሪታንያ እያነሰች ስትሄድ ጥፋቱ የቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ነው ተብሎ ታመነ፤ አንዳንድ መኖሪያዎቿም በአጥር ተከለሉ። ቢራቢሮዋ ግን ከታጠሩት ቦታዎችም ጠፋች። ለምን እንደጠፋች ያወቀው ጄረሚ ቶማስ የተባለው ተመራማሪ ሲሆን፣ ያወቀውም በ1970ዎቹ ከመጨረሻዎቹ መኖሪያዎች በአንዱ ብዙ ወራት ተቀምጦ የቢራቢሮዋን ኑሮ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ደረጃ በደረጃ በመቁጠር ነው።

ኑሮዋ እንዲህ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በጦስኝ እንቡጥ ላይ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ ማለትም እጩ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አበባውን ከበላ በኋላ፣ ገና ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ሳለ ማታ ላይ ራሱን ወደ መሬት ይጥላል። እዚያ ቀይ ጉንዳን ታገኘዋለች። እጩ ከጀርባው ጣፋጭ ጠብታ ያወጣላታል፤ ሽታውም የጉንዳን ልጅ ያስመስለዋል። ጉንዳኗ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ጎጇ ትወስደዋለች። እርሱ ግን በጎጆው ውስጥ ወደ 10 ወር ገደማ የጉንዳኖቹን እጮች እየበላ ይከርምና፣ እዚያው ፑፓ (ከእጭነት ወደ ቢራቢሮነት የሚለወጥበት፣ የማይበላበት ደረጃ) ሆኖ፣ ክንፍ ሲያወጣ በጉንዳኖቹ መተላለፊያ በኩል ወደ ብርሃን ይወጣል።

ቶማስ የደረሰበት ቁልፍ ነገር ጉንዳኑ ማንኛውም ቀይ ጉንዳን አለመሆኑ ነው። እጩ በደንብ የሚተርፈው በአንድ የጉንዳን ዝርያ ጎጆ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ ዝርያ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ ሣሩ ከሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ሳይበልጥ በግጦሽ አጥሮ ፀሐይ አፈሩን ማሞቅ አለባት። ከብቶቹ በአጥር ሲከለከሉ፣ በ1950ዎቹም ሣሩን ያሳጥሩ የነበሩት ጥንቸሎች በበሽታ ሲያልቁ፣ ሣሩ አደገ፤ አፈሩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀዘቀዘ፤ ያ ጉንዳን ሄደና በምትኩ ሌላ መጣ። ጦስኙ ነበረ፣ ቀይ ጉንዳንም ነበረ፤ ለሚያየው ሁሉ ምንም የጎደለ አይመስልም ነበር። ዕውቀቱ ዘግይቶ ስለደረሰ ዝርያው በ1979 ከብሪታንያ ጠፋ። ሆኖም ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን እንደ ገና መጥቶ፣ ከብት በሥርዓት በሚግጥባቸው ኮረብታዎች ላይ ዛሬ ይበራል። ይህን ታሪክ ከነፍሳት ጥበቃ ታሪኮች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ለእናንተ የምመክረው አጥሩን ነቅላችሁ መንጋውን ሁሉ እንድትለቁበት አይደለም። ቦታውን ለሁለት ከፍላችሁ፣ በአንዱ ወገን ጥቂት ከብት በተወሰኑ ወራት እንዲግጥ አድርጉ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት፤ የሣሩን ቁመት በማስመሪያ እየለካችሁ በሁለቱም በኩል ቁጠሩ። ከዚያ በፊት ግን እጩ ምን ቅጠል እንደሚበላ፣ ያ ቅጠል በረጅሙ ሣር ሥር ታፍኖ እንደሆነና በአቅራቢያ ዝርያው የተረፈበት ቦታ መኖሩን አጣሩ። ቢራቢሮን ስንጠብቅ ክንፍ ያወጣችውን ብቻ ስለምናይ፣ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፍበትን የእጭነቷን ቤት እንረሳለን።

ጥያቄ፦ ንቦች እየጠፉ ነው ሲባል ሰምቼ ሁለት ቀፎ ገዝቼ ላስቀምጥ ነው። ንቦችን መርዳቴ ነው አይደል?

መልስ፦ ማር ለማምረት ከሆነ መልካም፤ ለንቦች ጥበቃ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ቢያደርጉ እመርጣለሁ። በዓለም ላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ የንብ ዝርያዎች አሉ፤ የማር ንብ ከእነርሱ አንዷ ናት። አብዛኞቹ ቀፎም ንግሥትም የላቸውም፤ እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ አፈር ቆፍራ ወይም ባዶ አገዳ ውስጥ ገብታ ትፈለፍላለች። ሁለት ቀፎ ውስጥ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች አበባ ባነሰበት ቦታ ምግባቸውን ሊሻሙባቸው፣ በሽታም ሊያጋቡባቸው ይችላሉ። በምትኩ ከግቢዎ ፀሐይ የሚያገኘውን አንድ ጥግ ሳይቆፍሩና ሲሚንቶ ሳያደርጉ ራቁቱን ይተዉት፤ የደረቁ አገዳዎችን ሁሉ ጠርገው አያቃጥሉ፤ አንዱ ሲረግፍ ሌላው የሚያብብ ተክል ይምረጡ፤ ፀረ ተባይ አይርጩ።

ጥያቄ፦ በአንድ ጥብቅ ስፍራ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። መሬት ለመሬት የሚሄዱ ጥቁር ጥንዚዛዎች አሉን። አለቆቼ ስንት ናቸው ብለው ይጠይቁኛል፤ ሁሉንም ቆጥሬ መጨረስ ግን አልችልም።

መልስ፦ ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግዎትም። አፋቸው ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ የተቀበሩ ኩባያዎች ይበቁዎታል። የኩባያው ጠርዝ ከአፈሩ በአንድ ጣት እንኳን ከፍ ካለ ጥንዚዛዋ ዞራው ትሄዳለች፤ ስለዚህ ዙሪያውን በእጅዎ እየደለደሉ ያስተካክሉት። ከሥሩ ትንሽ የውኃ መውጫ ይብሱለት፤ ከላዩ በጠጠሮች ላይ የቆመ ክዳን ያድርጉለት። ውስጡ ፈሳሽ አይግባበት። በየማለዳው ካልጎበኙት ግን እርስ በርሳቸው ይበላላሉ።

በመጀመሪያው ዙር የያዟቸውን በጠንካራው የላይ ክንፋቸው ላይ ጠብታ ቀለም ቀብተው በያዙበት ቦታ ይልቀቁ፤ 60 ቀቡ እንበል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደ ገና ሲያጠምዱ 50 ያዙ፤ ከእነርሱም 12ቱ ቀለም አላቸው። በሁለተኛው ዙር ከተያዙት ቀለም ያላቸው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉ ከሆነ፣ የቀቧቸው 60ዎቹም ከጠቅላላው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉ ናቸው ማለት ነው፤ 60 በ50 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 250 ይሰጣል። ይህ የሚሠራው በመካከሉ ብዙዎች ካልሞቱ፣ ካልወጡና ካልገቡ፣ ቀለሙም ለወፍ ካላጋለጣቸው ነው። ደማቅ ቀለም ከተጠቀሙ ወፍ ቀድማዎ ትቆጥራቸዋለችና ነጠብጣቡን አነስ ያድርጉት። ለአለቆችዎም 250 ብለው አይጨርሱ፤ ወደ 250 ገደማ ብለው፣ ዘዴውን አያይዘው ያቅርቡ። ሙቀት ባለበት ሌሊት ጥንዚዛዎች አብዝተው ስለሚንቀሳቀሱ ኩባያው የሚይዘው ቁጥር ብዛታቸውን ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴያቸውንም እንደሚያሳይ ይጥቀሱ።

ጥያቄ፦ አትክልታችንን ትልልቅ ቀንድ አውጣዎች ጨረሱብን። ቀንድ አውጣ የሚበላ ሌላ ቀንድ አውጣ እንዳለ ሰማሁ። ከውጭ ማስመጣት አይሻልም?

መልስ፦ እባክዎ አያስመጡ። ይህ ምክር በፓስፊክ ውቅያኖስ በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ደሴቶች በተግባር ተሞክሯል። ለተባይነት የተዳረገውን ትልቁን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ እንዲያጠፋ ተብሎ በ1970ዎቹ አዳኙ ቀንድ አውጣ ገባ፤ በሞሬአ ደሴት የተለቀቀው በ1977 ነው። አዳኙ ግን በትልቁ ፋንታ ፓርቱላ የሚባሉትን፣ ከሁለት ሴንቲሜትር የማይበልጡ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የደሴቶቹን የዛፍ ቀንድ አውጣዎች ማደን ያዘ። ፓርቱላ እንቁላል አይጥልም፤ አንድ አንድ ልጅ እየወለደ በዝግታ ይራባል፤ ስለዚህ አዳኙን መቋቋም አልቻለም። በ10 ዓመት ውስጥ በሞሬአ የነበሩት ሰባት ዝርያዎች ከዱር ጠፉ። ለእርስዎ ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን እየለቀሙ ማስወገድ፣ መደበቂያ የሚሆናቸውን እርጥብ ጣውላና ድንጋይ ማንሳትና ጠዋት ጠዋት ውኃ ማጠጣት ዘገምተኛ ቢሆንም ማንንም አያጠፋም።

ከፓርቱላዎቹ ጥቂቶቹ ከመጥፋታቸው በፊት ተሰብስበው ነበር። በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ የእንስሳት ማቆያዎች ውስጥ በትንንሽ የፕላስቲክ ሣጥኖች ለአሥርተ ዓመታት ሲዋለዱ ቆይተው፣ ከ2015 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ደሴቶቻቸው ተመለሱ። ተመራማሪዎቹ በዛፍ ላይ ሲለቋቸው በእያንዳንዱ ዛጎል ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቀይ የቀለም ነጠብጣብ ያደርጉ ነበር፤ ይኸውም ሌሊት በባትሪ ሲፈልጉ የለቀቋቸውን ለይተው ለመቁጠር ነው። በ2024 በሞሬአ ደሴት ጫካ ውስጥ ሲቆጥሩ፣ አድገው የጨረሱ ነገር ግን ዛጎላቸው ላይ ምንም ነጠብጣብ የሌለባቸው ፓርቱላዎች አገኙ። እነዚህ በሰው እጅ ያላለፉ፣ እዚያው ጫካ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ነበሩ።